«ንቢቱን ውሰጂያት» ላልሽኝ

እትዬ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ወገብሽ እንዴት ነው? ጎንበስ ስትዪ የሚይዝሽ ነገር በእውነት ለቀቀሽ ወይስ እኔን ላለማስጨነቅ ነው «ተሻለኝ» የምትዪው? ጋሼ እንዴት ናቸው? ሳላቸውስ? እማዬስ እንዴት ናት፣ ዓይኗ፣ ጉልበቷ፣ ከምሳ በኋላ የምትተኛው እንቅልፏ? ቤቱ ደህና ነው? ግቢው ደህና ነው? ጎረቤቱ ሁሉ ደህና? እኔን ብትጠይቂኝ ሰውነቴ ደህና ነው፤ የቀረው እናንተ ዘንድ ስላለ ስለ እሱ እናንተ ንገሩኝ።

ንቢቱን አልጠየቅኩም። ረስቻት አይደለም። ከዚህ በኋላ የምጽፈው ሁሉ ስለ እሷ ስለሆነ ነው።

በስልክ የላክሽልኝን ድምፅ ሰማሁት። ደጋግሜ ሰማሁት። በስልክ ልመልስልሽ አሰብኩና ተውኩት። በስልክ ሲሆን አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔ ዝም እላለሁ፣ መስመሩ የተቋረጠ እየመሰለሽ «ሄሎ፣ ሄሎ» ትያለሽ፣ በመጨረሻ ሁለታችንም ያሰብነውን ሳንናገር እንዘጋለን። ወረቀት ላይ ዝምታዬ አይሰማም። ደግሞም አታቋርጪኝም፤ በሕይወቴ አንድ ጊዜ እንኳ ሳታቋርጪኝ ልናገር።

ያልሽኝን እንደገባኝ ልድገመው። የጤና ጣቢያው ሐኪም ልጅሽን አይቶ «ይህ ኦቲዝም የሚባለው ነው» አለሽ። ትምህርት ቤቱ ደግሞ «ሌላ ቦታ ፈልጉላት» ብሎ መለሳት። አባቷ ጋሼ «እኛ ምን እናውቃለን?» አሉ። አንቺም አስበሽ አስበሽ «አንቺ ያለሽበት አገር ሰዉ እንዲህ ዓይነቱ ነገር ይገባዋል፤ ንቢቱን ውሰጂያት፤ ናፍቆቱን እኔ እችለዋለሁ» አልሽኝ። እማዬ ምንም አላለችም አልሽ። እማዬ ምንም ካላለች ብዙ ብላለች።

መልሴን እዚሁ ጽፌ መጨረስ እችል ነበር። ግን ልቤ አንድ ቦታ አልቆመም፤ መጀመሪያ አንድ ነገር አለ፣ በኋላ ሌላ ነገር አለ። ስለዚህ በሄደበት መንገድ ልውሰድሽ።

መጀመሪያ ደስ አለኝ። አንቺ እያለቀስሽ እኔ ደስ አለኝ። ከሥራ ስመለስ ክፍሌን በሌላ ዓይን አየኋት። አንድ አልጋ፣ አንድ መስኮት፣ በጣሪያው ጥግ የሚያልፍ የሙቅ ውሃ ቱቦ። ቱቦው ቀኑን ሙሉ ያንጎራጉራል። አከራዬ ክፍሉን ስታሳየኝ በቱቦው አፍራ ነበር፤ እኔ የተከራየሁት ለእሱ ስል እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። እንደ ንብ እምም ስለምትል አይደል ንቢቱ ያልናት፤ እሷ እምም ስትል ቱቦው እምም ሲል፣ ሁለቱ ይግባባሉ ብዬ አሰብኩ። አልጋዬን ወደ በሩ ገፋሁና የመስኮቱን በኩል ለቀቅኩላት። ፀሐይ ዓይኗን እንዳይወጋት ወፍራም መጋረጃ ሰቀልኩ። ከአዲስ ልብስ አንገት ላይ የሚያሳክከውን ጨርቅ እንዴት አድርጌ እንደምተረትርላት ሳስብ ብቻዬን ሳቅኩ። እኔ ከልብሴ ላይ ያንን ጨርቅ ስተረትር ነው የኖርኩት፤ አንቺም «ምነው ይህቺ ልጅ አዲስ ልብስ አይበረክትላትም» ትዪ ነበር።

ስለ ሥራዬ ብዙ ነግሬሽ አላውቅም። የሆቴል አንሶላ የሚታጠብበት ትልቅ ቤት ነው። ማሽኖቹ ሲዞሩ ሰው ከሰው አይሰማማምና በእጅ እንግባባለን፤ መዳፍ ወደ ላይ ከሆነ «አንሺ»፣ ወደ ታች ከሆነ «ቆዪ»፣ ጣት ጉንጭ ላይ ካረፈ «አለቃው መጣ»። ሌሎቹ ጫጫታው ራሳቸውን ያዞራቸዋል። እኔ አንድ ዓይነት ድምፅ ስለሆነ ያሳርፈኛል። የምፈራው የምሳ ሰዓትን ነው። ማሽኑ ሲቆም ሰዉ ይጀምራል።

ትልቅ አንሶላ ብቻሽን አታጥፊውም። ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ፣ ተራርቆ፣ ተቀራርቦ፣ እንደገና ተራርቆ ነው። ከእኔ ጋር የምታጥፈው ሴት «እንፋሎት» ትባላለች፤ ስትናደድ በአፍንጫዋ ስለምታፏጭ ያወጡላት ስም ነው። ወሬ አይታክታትም፤ እኔም ዝምታ አይታክተኝም፤ ተስማምተን እንሠራለን። እንፋሎት አንድ ወንድም አላት። ጎልማሳ ነው። ከሥራ ስትወጣ አብሯት ወደ ቤት ለመሄድ ይመጣና ከውጭው በር አጠገብ ያለውን ግድግዳ ጀርባውን አስደግፎ ይጠብቃታል፤ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ። ማንንም አይጨብጥም። የሚያናግረውን ሰው ዓይን አያይም።

መጀመሪያ የተገናኘን ቀን እሱም እጁን አልዘረጋ፣ እኔም አልዘረጋሁ። ጎን ለጎን ቆመን መንገዱን እያየን እንፋሎትን ጠበቅናት። እሷ ወጥታ ስታየን በሳቅ ፈረሰች። «እንዴ! ሁለታችሁንም አንዲት እናት ናት እንዴ የወለደቻችሁ?» አለች። በማግስቱ አንሶላ ስናጥፍ፣ ጫፉን ልትሰጠኝ ስትቀርብ፣ «ወንድሜን ያየችውን ባለሙያ አንቺም ብታናግሪያት ምን ይመስልሻል?» አለችኝ። «እኔ ምን ሆንኩ?» አልኳት። «ምንም አልሆንሽም። እሱም ምንም አልሆነም» አለችኝና አንሶላውን ለጠጥ አደረገችው።

ሄድኩ። አንድ ቀን ብቻ አይደለም። ባለሙያዋ ስለ ልጅነቴ ጠየቀችኝ። እንግዳ ሲመጣ አልጋ ሥር ገብቼ ሰላምታ አጠና እንደነበር ነገርኳት፤ «እንደምን ዋሉ» ስባል የቱን አስቀድሜ የቱን አስከትዬ እንደምመልስ፣ ፊቴን መቼ ፈገግ እንደማደርግ። አጥንቼ ወጥቼም ጉንጬ ሲሳም ሁሉም ይጠፋብኝና ተመልሼ እገባለሁ። ከዚያ ባለሙያዋ «ቤተሰብ ውስጥ ልጅነትሽን የሚያስታውስ አለ?» ስትለኝ አንቺ ትዝ አልሽኝ።

እትዬ፣ እኔም ነኝ። ንቢቱ የሆነችውን እኔም ነኝ።

ይህቺን መስመር ከጻፍኩ በኋላ ተነስቼ ውሃ ጠጣሁ። አሁን ተመልሻለሁ።

እዚያ ሳለሁ ኩራተኛ ነበርኩ፤ ሰው ጠል ነበርኩ፤ ፊቷን የማትፈታ ነበርኩ። አንቺ ብቻ «ዓይነ አፋር ናት፣ ተዉአት» ትዪልኝ ነበር። እዚህ ማንም ምንም አይለኝም። ቀልድ ሳይገባኝ ሲቀር «የሰው አገር ሰው ናት» ይላሉ። ዓይናቸውን ሳላይ ሳወራ «ባህሏ ነው» ይላሉ። ምሳ ብቻዬን ስበላ «ቋንቋው ከብዷት ነው» ይላሉ። ባይተዋርነቴን እንደ ካፖርት ለብሼው ኖርኩ፤ ሰዉ ካፖርቱን እያየ እኔን ተወኝ። «መቼ ነው የምትመጪው?» ስትዪኝ የምሸሸው ለዚህ ይመስለኛል። ናፍቆት አጥቼ አይደለም። የግቢው በር መቀርቀሪያ ሲሳብ የሚያሰማው ድምፅ ይናፍቀኛል። እማዬ ክር በመርፌ ስታስገባ ከመርፌው ጋር የምትጣላው ይናፍቀኛል። ከሁሉ ከሁሉ አንቺ ጸጉሬን ስትሠሪኝ ራሴን በጉልበቶችሽ መሃል ጥብቅ አድርገሽ የምትይዢው። ሰው ለስለስ አድርጎ ሲነካኝ ቆዳዬ ይሸሻል፤ ያንቺ ጉልበት ግን ልክ ነበር። እዚያ መሃል ያለሁት እኔ ዓለም ላይ ያለሁት እኔ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ቦታዬ ላይ ሆኜ አላውቅም።

አሁን ስለ ሰላምታው ልንገርሽ። አትቀየሚኝ።

ንቢቱ እኔ ዘንድ ስትመጣ ሰው እንዳታሳፍር ብለሽ በየጠዋቱ በየቤቱ እየወሰድሽ ሰላምታ እንደምታለማምጃት ነግረሽኛል፤ ልብስ ሰፊዋ ጋ፣ ባለሱቁ ጋ፣ ጡረተኛው መምህር ጋ። «ለምዳለች እኮ!» ስትዪ ድምፅሽ ውስጥ ደስታ ነበረ። ከኋላሽም እሷ ትሰማለች። «እንደምን አደርክ ባልዲ? ቤተሰብ ደህና? ልጆች አደጉ?» ትላለች። ራሷ ደግሞ «ተመስገን፣ ተመስገን» ብላ ስለ ባልዲው ትመልሳለች። ጋሼ «ባልዲው ካልሳማት ከዚያ አትነሳም!» ብለው ሲስቁ እኔም ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ። ደግሜ ስሰማው ግን ሳቄ ጠፋ። ከባልዲው ወደ መጥረጊያው ሄደች፣ ከመጥረጊያው ወደ በሩ። ድምፅዋ እየፈጠነ፣ እየቀጠነ ይሄዳል። መውጫው የጠፋበት ሰው ድምፅ ነው። ከዚያ አንቺ «በቃ!» ስትዪ ይሰማል። ከዚያ መልእክቱ ያልቃል። እጇን እስኪደማ መንከስ የጀመረችው ከዚህ ልምምድ ወዲህ እንደሆነ ራስሽ ነግረሽኛል፤ ሁለቱን ግን አላገናኘሽም።

እትዬ፣ እዚህ ማንም ማንንም ሰላም አይልም። በደረጃችን ላይ ሰው ከሰው ሲተላለፍ ቁልፉን ነው የሚያየው። ልጅሽን የምታሠለጥኛት ለሌለ አገር ነው። አንቺ ስታደርጊው ለፍቅር ብለሽ መሆኑ አይጠፋኝም፤ በየቤቱ ስትዞሪ ወገብሽ ምን እንደሚልሽም አይጠፋኝም። ግን አንድ ሰላምታ ለአንቺ አንድ እስትንፋስ ነው፤ ለእሷ ደግሞ የሰው ሽታ፣ የሰው ጉንጭ፣ የሰው ድምፅ፣ መልስ የሚጠብቅ ዓይን፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ነው። ንቀት አይደለም። ፍቅር ማጣትም አይደለም። በሽታም አይደለም፤ አንቺ አሞላቅቀሽ ያመጣሽው ነገርም አይደለም፤ ስትወለድም እንዲሁ ነበረች። ዓለም ለእሷ ድምፁ ከፍ ብሎ የተከፈተ ሬዲዮ ነው። እናንተ መክፈቻው የት እንዳለ ታውቃላችሁና ዝቅ ታደርጉታላችሁ፤ እሷ ገና አላገኘችውም። እኔም ያገኘሁት ዘግይቼ ነው፤ ያውም ግማሹን።

ሰዉ ይገባዋል ያልሽውን በተመለከተ አልዋሽሽም። ባለሙያ አለ። እንደ እሷ ያሉ ልጆች የሚማሩበት ክፍል አለ። ይህን ስጽፍልሽ ብዕሩ ይከብደኛል፤ እዚያ ይህ እንደሌላት አውቃለሁና። ሌላውንም ግን አይቻለሁ። አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ሕፃን ወለሉ ላይ ተኝታ ስትጮህ፣ እናቷ ጎንበስ ብላ አጠገቧ ተቀምጣ ነበር። ማንም «ልጅሽን አሳድጊ» አላላትም። ማንም «አይዞሽ»ም አላላትም። ሰዉ ሁሉ መስኮት መስኮቱን ያያል። የእናትየዋ አንገት በእፍረት ቀልቶ ነበር። እኔስ? እኔም መስኮቱን አየሁ።

ትናንት እዚህ ላይ አቁሜ ነበር። የቀረው ባለፈው ሳምንት የሆነው ነው፤ ልቤን የለወጠው እሱ ነው።

የማጠቢያ ቤታችንን ግድግዳ ቀለም ቀቡት። የእንፋሎት ወንድም እንደ ልማዱ ሲመጣ ግድግዳው እርጥብ ነው፣ ፊት ለፊቱ ገመድ ተወጥሮበታል። እኛ ስንወጣ መንገዱ ላይ ወዲያና ወዲህ እየሮጠ ራሱን በቡጢ ይመታል። ዘበኛው ደንግጦ ሊይዘው ሲጠጋ እንፋሎት «አትንካው! ማንም እንዳይነካው!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ያደረገችውን ልብ በዪ። አልያዘችውም። አላባበለችውም። ከእሱ ራቅ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ፊቷን አዙራ፣ ዝም ብላ። የሚያየውን ሰው ሁሉ በእጇ «እለፍ፣ እለፍ» ትላለች። ብዙ ቆይቶ ሩጫው ወደ እርምጃ ወረደ። ከዚያ መጥቶ ጀርባውን ጀርባዋ ላይ አስደገፈ። ያ ሁሉ ሰው ባለበት አስፋልት ላይ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ቆዩ።

በማግስቱ ዓይኗ አብጦ መጣች። «ግድግዳ እኮ ነው! ቀለም ተቀባ፣ በቃ! ለሱ ግን ምድር ነው የከዳው» አለችኝ። እኔ ደግሞ ቀን የማልመርጥ ነገር ነኝና የእህቴ ልጅ ልትመጣልኝ ነው ብዬ ነገርኳት። አንሶላውን ያዘች። ከዚያ «ልጅቷ እዚያ ምን ምን ታውቃለች?» አለችኝ።

አንቺ በየጊዜው በስልክ ያወራሽኝን መናገር ጀመርኩ። ወደ ሱቅ ስትሄድ በጣቷ የምትዳስሰውን አጥር ታውቃለች፤ የትኛው ቆርቆሮ እንደሚሞቅ፣ የትኛው እንደሚቀዘቅዝ። የልብስ ሰፊዋን መኪና ታውቃለች፤ ከሥሩ ተቀምጣ ከመኪናው ጋር እምም ትላለች፣ ልብስ ሰፊዋም እግሯን ሰብስባ ቦታ ትለቅላታለች። ዝናብ ጣሪያውን ሲመታ የምትገባበትን ቁም ሣጥን ታውቃለች። የእማዬን ጭን ታውቃለች። ጋሼ ሊያስሉ ሲሉ ቀድማ ጆሮዋን መያዝ ታውቃለች። አንቺን ታውቃለች። ስናገር ስናገር አላልቅ አለኝ። እንፋሎት አንሶላውን እንደያዘች ቆማ ትሰማኛለች። በመጨረሻ «ይህን ሁሉ በሻንጣ ታመጪላታለሽ?» አለችኝ። አልተቆጣችም። እንደ ጥያቄ ነው የጠየቀችኝ።

እኔ ስወጣ አዋቂ ነበርኩ፤ ፈልጌ ነው የወጣሁት። ያም ሆኖ የመጀመሪያውን ዓመት እንዴት እንዳለፍኩት አላስታውሰውም።

ስለዚህ እትዬ፣ ንቢቱን አትላኪልኝ።

ይህን መጻፍ ቀላል አልነበረም። ለእሷ ብቻ ብዬ ቢሆን ኖሮ ቶሎ እጽፈው ነበር። የፈለግኋት ለራሴ ነበር። በቤቴ ውስጥ «ለምን ዝም አልሽ?» የማይለኝ አንድ ሰው አማረኝ። ሁለታችን ሳንተያይ፣ ሳንነጋገር፣ አንድ ክፍል ውስጥ አብረን ስንሆን አየሁት፤ ጣፈጠኝም። ናፍቆት ለካ ላልሆነ ነገርም ይሆናል።

እኔ እመጣለሁ። የሥራ ውሌ በሚያዝያ ያልቃል፤ አላድሰውም። ለአለቃው ነግሬዋለሁ። እንፋሎት ሰምታ አፏጨችብኝ፤ ቀጥላ «ማን ነው አሁን እንዳንቺ ዝም የሚልልኝ?» ብላ ዞር አለች።

እፈራለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ ሊስመኝ ሲመጣ፣ «ከሳሽ» «ወፈርሽ» ሲለኝ፣ አላገባሽም ወይ ሲለኝ። እዚያ ካፖርት የለኝም። በገዛ አገሬ ባይተዋር ሆኜ መታየት ነው። ግን ጋሼ «እኛ ምን እናውቃለን?» ብለዋል። እኔ ጥቂት አውቃለሁ። ንቢቱ እኔ አይደለችም፤ እኔ አፍ አለኝ፣ እጄን አልነከስኩም፣ ትምህርት ቤት አልመለሰኝም። የእሷ መንገድ ከእኔ ይከብዳል፣ ያንቺም እንደዚያው። የሚያግዘን እዚያ ማን እንዳለ ሐኪሙን አብረን እንጠይቀዋለን፤ ትምህርት ቤቱም ፊት አብረን እንቆማለን። እንድሞክር ፍቀጅልኝ።

እስከዚያው የሰላምታውን ዙር ተዪው። ሰው ቢጠይቅሽ «ልጄ እንዲህ ናት» በይ፤ መጀመሪያ ለልብስ ሰፊዋ ንገሪያት፣ ማንም ሳይነግራት የገባት ሰው ናትና። ከቤት ስትወጡ ወዴት እንደምትሄዱ አስቀድመሽ ንገሪያት፤ ሐሳብሽን ከለወጥሽም መለወጥሽን ንገሪያት። እጇን ስትነክስ አትቆጫት፤ ወፍራም ጨርቅ አርጥበሽ በቅርብ አድርጊላት፣ ለመንከስ። ስትጮህ እንደ እንፋሎት ራቅ ብለሽ ዝቅ በይ። ይህ ሁሉ የማይሠራበት ቀን ይኖራል። ያን ቀን ለጋሼ ተዪያትና ውጪ፣ ጎንሽን አሳርፊ። የደከምሽ እናት ነሽ እንጂ ክፉ እናት አይደለሽም።

እማዬን ጉልበቷን ሳምኩ በዪልኝ። ስለ እኔ የጻፍኩትን ብቻችሁን ስትሆኑ አንብቢላት። አትገረምም ብዬ እገምታለሁ። ለጋሼ አክብሮቴን አድርሺልኝ፤ ሳላቸውን በሐኪም ይታዩ። ልብስ ሰፊዋን እግሯን ስለሰበሰበች እግዜር ይስጥሽ በያት። ባለሱቁንም መምህሩንም እጅ ነስቻለሁ።

ለንቢቱ ሰላምታ አታድርሺልኝ። እንዲህ ብቻ በያት፦ በሚያዝያ አክስትሽ ትመጣለች። አትስምሽም። ምንም እንድትያትም አትጠብቅም። ቤቱ ውስጥ የት እንደምትቀመጥ አንቺ ምረጪላት። ሩቅ ቢሆንም ትቀመጣለች።

እህትሽ

ከአንሶላ ማጠቢያው ቤት ጓሮ፣ በምሳ ዕረፍት
የካቲት ፲፩ ቀን